በረሃ ሁሉ አሸዋ አይደለም፦ ከአንኮበር ቁልቁል ሞተር ለምትነዱ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ ስለ በረሃ መንገድ የሚለው አያጣም። አብዛኛው ማኪያቶ እየተጠጣ የሚወራ ነው። እኔም ያንን ወሬ ሰምቼ ነው ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የወረድኩት። መንገዱን ሳላጋምስ ተጋደምኩ።

በኋላ ያቃኑኝ አንድ ጋሼ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በላይ በያማሃ ዲቲ ሞተር የመንዝን ደጋና የይፋትን ቆላ ሲወጡ ሲወርዱ ኖረዋል። የሰማሁትን አንድ በአንድ ስነግራቸው አንድ በአንድ አፈረሱልኝ። የሚከተለው ግማሹ የሳቸው ነው፤ ግማሹ የወደቅኩበት።

«በረሃ ማለት አሸዋ ነው»

ይህ ከቴሌቪዥን የመጣ ሥዕል ነው። እኛ ዘንድ በረሃ የሚባለው ቆላው ነው፣ ገደሉ ነው። «ጀማ በረሃ» ሲባል አሸዋ የሚታየው ሰው የለም።

ከጣርማበር ሸንተረር ወደ ምዕራብ የወረደ ውሃ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ። በሁለቱም በኩል የሚጠብቃችሁ ቁልቁለት ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። በመሃል ያለው ኮረት፣ የተፈነቀለ ድንጋይ፣ እንደ በርበሬ የላመ አቧራና ዝናብ ሲነካው ጎማ የሚውጥ ዋልካ ነው። አሸዋ የምታገኙት የደረቀ ወንዝ ውስጥ ነው። እሱም ሃምሳ ሜትር፣ ቢበዛ መቶ ሜትር። ስለዚህ አሸዋ ላይ ስለመንሳፈፍ ቪዲዮ ከማየት ይልቅ አንድ ቅዳሜ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ተለማመዱ።

«ለበረሃ ትልቅ ሞተር ነው»

ትልቁ የቢኤምደብልዩ ጂ.ኤስ. 1250 ቤንዚኑን ይዞ 249 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ኩንታል ተኩል ማለት ነው። ጭነቱን ጨምሩበት። ከዚያ ብቻችሁን፣ በ35 ዲግሪ ሙቀት፣ ድንጋይ መሃል ወድቆ አስቡት። አንዴ ታነሱታላችሁ። ሦስተኛው ላይ እናንተም አብራችሁ ትተኛላችሁ።

በዓለም ከባዱ የበረሃ ውድድር ዳካር ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከ450 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር አያስገባም። የመጀመሪያውን ውድድር በ1979 ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቩም የነዳው ባለ አንድ ሲሊንደር ያማሃ ነበር። እኛ አገር ደግሞ በየቀበሌው የሚወርዱትን የጤናና የግብርና ሠራተኞች እዩ። የያዙት 100፣ 125፣ ቢበዛ 200 ሲሲ ነው። ትልቅ ሞተር አስፋልት ላይ ደስ ይላል፤ ካላችሁ አልቀናም ልበል። ግን «የለኝምና በረሃ አልወርድም» የሚል ሰው ምክንያት እየፈለገ ነው።

«ፎሌ አድርገህ ውረድ፣ ቤንዚን ትቆጥባለህ»

ፎሌ ማለት ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ ነው። ይህን ምክር የሰማሁት ከብዙ ሰው ነው። ከባድ መኪና ሾፌሮችም ያደርጉታል። ሰው የሚጨርስ ልማድ ነው።

ማርሽ ውስጥ ስትሆኑ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ፍጥነታችሁ ልክ ገመድ እንደተያዘ በቅሎ ይሆናል። ፎሌ ላይ ግን ያላችሁ ፍሬን ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይግላል። ዲስክ ከሆነ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላና እጀታው እንደ ስፖንጅ ሊላላ ይችላል። ትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ያለው የከበሮ ፍሬንም ሲግል አይነክስም። ሁለቱም የሚከዱት በጣም በምትፈልጓቸው ሰዓት ነው።

የቤንዚኑም ነገር ውሸት ነው። ኢንጄክሽን ያለው፣ ማለትም ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ እየለካ የሚረጭ ሞተር፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋል። ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ፎሌ ላይ ግን እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት አለበት። ስለዚህ ቆጣቢው ማርሽ ውስጥ ያለው ነው! ካርቦራተር ያለው፣ ቤንዚኑን በአየር እየሳበ የሚቀላቅለው የድሮው ዓይነት፣ ትንሽ ይጠጣል። ያቺ ትንሽ ከግንባር መፈንከት ታንሳለች።

እዚህ ጋ ጋሼ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። እንደ ዲቲ ያለ ቱ-ስትሮክ ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በኃይል ሲዞር ዘይት ያንሰዋል፣ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ሊጣበቅም ይችላል። እሳቸው በየኩርባው ፍሪሲዮን ይዘው ነዳጁን አንዴ ሰጥ ያደርጉታል። «እንኪ ቅመሽ እላታለሁ» ነው ያሉት። ሞተራቸውን አንቺ ነው የሚሏት።

«ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን አይነካም፣ ይገለብጣል»

እኔን የጣለኝ ይሄ ነው። የፊቱን ፈርቼ የኋላውን ብቻ ረገጥኩ። የኋላ ጎማው ተቆለፈና ኮረቱ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ጎን መጣ። ደነገጥኩ። ያኔ ያልነካሁትን የፊት ፍሬን በአራት ጣት ጨመደድኩት። የሆነውን ታውቃላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ገና ፍሬን ሳትይዙም ወደ ፊት አዘንብሏል። ስለዚህ የኋላ ጎማ ባዶ ነው፤ በቀላሉ ይቆለፋል። መሬቱን የያዘው የፊቱ ነው። የሚገለብጠው የፊት ፍሬን መያዝ ሳይሆን በድንጋጤ መጨመደድ ነው። ወይ መሪው ታጥፎ እያለ መያዝ።

በአንድ ወይም በሁለት ጣት ያዙት። ላም እንደሚያልብ ሰው፣ ቀስ ብሎ ጨመቅ፣ ቀስ ብሎ ለቀቅ። ጎማው ሲንሸራተት ከተሰማችሁ ወዲያው ልቀቁና እንደገና ያዙ። ፍሬኑን ቀጥታው ላይ ጨርሱ፤ ኩርባው ውስጥ አትጀምሩት። ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ያለው ሞተር የያዛችሁ ደግሞ ለኮረት የሚሆን አማራጭ ካለው የኋላውን አጥፉት። ኤቢኤስ አስፋልት ላይ ሕይወት ያድናል። የላላ ድንጋይ ላይ ግን ደጋግሞ እየለቀቀ መቆሚያውን ያርቀዋል።

ሌላው የወደቅኩበት ምክንያት ዓይኔ ነው። ገደሉን እያየሁ ነበር። ሞተር ዓይን ያረፈበት ቦታ ይሄዳል። መሄድ የምትፈልጉበትን እዩ፤ ገደሉ ሳታዩትም እዚያው ነው።

«ቆሞ መንዳት ጉራ ነው»

ከተማ ውስጥ ከሆነ አዎ፣ ጉራ ነው። ድንጋይ ላይ ግን ጉልበታችሁ ሁለተኛ ሞላ ይሆናል። ሞተሩ ከሥራችሁ ይዘላል፣ እናንተ አትዘሉም። አርቃችሁም ታያላችሁ። ጉልበት ትንሽ እጥፍ፣ ክርን ከፈት፣ መሪው ላይ አለመንጠልጠል። ቁልቁለት ላይ መቀመጫችሁን ወደ ኋላ፤ በቅሎ የተቀመጠ ሰው ሲወርድ እንደሚያደርገው። መሪውን ጨምድዶ የያዘ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ክንዱ ይደነዝዛል። ትንሽ ይወዛወዝ፣ ተዉት።

«ጣርማበር ላይ ከደከመ ካርቦራተሩ ታሟል»

አልታመመም። አየሩ ስስ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ማንኛውም ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከነበረው ጉልበት ከሩብ በላይ ያጣል። ካርቦራተር ያለው ደግሞ አየር ሲያንሰው ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ጥቁር ያጨሳል፣ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ይጠቁራል። ኢንጄክሽን ያለው ቤንዚኑን ያመጣጥናል እንጂ የጠፋውን ጉልበት አይመልስም።

አደጋው የሚመጣው መካኒክ «ላስተካክልልህ» ብሎ ለደጋው ቤንዚን ሲቀንስ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እንደ ሰዓት ይሠራል። 1,500 ሜትር ወርዳችሁ አየሩ ሲወፍር ግን ቤንዚኑ ያንስና ሞተሩ ይግላል። ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ደጋ ላይ ትንሽ ያጭስ፣ ቻሉት። ይልቅ የአየር ፊልትሮውን በየማታው አራግፉ። የቆላ አቧራ ሞተር ይበላል።

«ሙቀቱ ጎማ ያፈነዳል፣ ነፋስ ቀንስ»

ተቃራኒውን አየሁ። ደብረ ብርሃን ጠዋት በብርዱ ነፋስ ታስወጣላችሁ። ስትወርዱ ሙቀቱ በጎማው ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራል፣ እውነት ነው። ግን ዝቅ ባላችሁ ቁጥር የውጪው አየር ግፊትም ይጨምራል። ሁለቱ በአብዛኛው ይቻቻላሉ። ድንጋይ ላይ ነፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ቸርኬው ድረስ ይረገጥና ካላማዳሪያውን እንደ እባብ ንክሻ ሁለት ቦታ ይበሳዋል። አሸዋ ላይ መቀነስ ይጠቅማል፤ ድንጋይ ላይ በልክ። የሚሻለው ትንሽ መለኪያና የእጅ ፓምፕ ይዞ ቆላ ሲደርሱ መለካት ነው። ጎሚስታ በየሜዳው የለም። የግራር እሾህ ግን በየሜዳው አለ።

«ሙቀት ነው፣ ጃኬት ይውለቅ»

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር አልተስማማንም። እሳቸው «ነጠላ ይበቃል» ባይ ናቸው። በአንድ ነገር ልክ ናቸው፦ መሸፈን ያስፈልጋል። አልዩ አምባ ገበያ የሚመጡትን አርጎባዎችና አፋሮች እዩ፤ ፀሐይ በበረታ ቁጥር በጨርቅ ይሸፈናሉ እንጂ አይራቆቱም። የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ከዚያ ሲያልፍ ፊት ለፊት የሚመታችሁ ነፋስ አያበርድም፤ ያሞቃል። ላባችሁንም ሳታውቁት ያደርቀዋል። ከናቴራውን በውሃ አርሳችሁ ላዩ ላይ ጃኬት ልበሱ። በጣም ይበርዳል! ነጠላ ደግሞ ድንጋይ ላይ ክርን አያድንም፤ የእኔ ክርን ይመስክር።

ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ከፋርማሲ ኦ.አር.ኤስ. ያዙ፣ ላብ ጨውም ይወስዳል። ከደጋ የመጣ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ሳምንት ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ቀን ጀግና አትሁኑ።

«ሰማዩ ከጠራ ወንዙ ሰላም ነው»

የቆላው ወንዞች፣ ሮቢም ጀውሃም፣ የሚሞሉት ከላይ ነው። ደብረ ሲና ላይ የዘነበው ቆላ ላይ በጠራራ ፀሐይ ይደርሳል። ቀና ብላችሁ ማየት ያለባችሁ ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን ከጀርባችሁ ያለውን ተራራ ነው። «ክረምት አልገባም» ማለትም አይበቃም፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ አለ። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት መውሰድ ከጀመረ፣ ውጡ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ጥላ አለ ብላችሁ አትረፉ።

መጀመሪያ በእግራችሁ ተሻገሩት። እናንተን ከወሰደ ሞተሩንም ይወስዳል። ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ማስነሻውን እንዳትነኩ። ውሃ አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ፣ ቢየላውን፣ ያጣምማል። ካንዴላውን ፈትታችሁ ሞተሩን አሽከርክሩ፣ ውሃው ተተፍቶ ይወጣል።

«ጡሩምባ ከብት ያስለቅቃል»

ፍየል ይበትናል። የተጫነች በቅሎ ደግሞ ገደል ይከታል። አቁሙ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ትለፍ። ባለቤቷም ሰላም ብሎ ያልፋል።

«ካርታው መንገዱን ያውቃል»

ስልኩ ላይ ያለው ቀጭን መስመር አንዳንዴ የበቅሎ መንገድ ነው። አንዳንዴ ዓምና ጎርፍ የወሰደው ነው። ቤንዚን የት እንዳለም አይነግራችሁም፤ የጫካ ቤንዚን በሃይላንድ ከገዛችሁ በጨርቅ አጥልላችሁ ክተቱ። የመንገዱን ሰላምም ጠዋት ከዚያ የመጣ ሰው ነው የሚያውቀው። «ማለፍ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለእንግዳ አይቻልም ማለት ነውር ስለሆነ ይቻላል ይሏችኋል። «ዛሬ በዚህ ሞተር አልፏል?» በሉ።

ርቀትም በኪሎ ሜትር አትጠይቁ። እኔ አንዲት እናት «እማማ፣ ሩቅ ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው «እዚህችው ናት ልጄ፣ ያቺ ዛፍ ጋ» አሉኝ። ዛፏን አየኋት። በማዶ ነበረች። በመሃል ገደል ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የጠየቅኳቸው፤ ዛፏ ሥር የደረስኩት በባትሪ ነው።