ቦይለሩ ትንሽ፣ ታንከሩ ትልቅ፦ የእንጨት ቦይለር ምንድን ነው?

ቦይለር ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ሻወር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የኤሌክትሪክ ውሃ ማሞቂያ ነው። የእንጨት ቦይለር ሌላ ነገር ነው። ዙሪያውን ውሃ የከበበው የተዘጋ የእሳት ሳጥን በሉት። እንጨቱ ውስጥ ይነድዳል፣ ውሃው ሙቀቱን ይወስዳል፣ ፓምፕ ደግሞ የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተር (ሙቅ ውሃ እየዞረበት ክፍሉን የሚያሞቅ የብረት ዕቃ) ወይም ወለል ስር ወደተዘረጋ ቱቦ ይገፋዋል። ምድጃ የሚያሞቀው ያለበትን ክፍል ነው። ቦይለር ግን ቤቱን በሙሉ፣ የመታጠቢያውን ውሃ ጭምር።

ጣጣው የሚመጣው ቤቱ በደንብ የተሠራ ሲሆን ነው። ግድግዳና ጣሪያው ሙቀት እንዳያስወጣ ከተሸፈነ፣ መስኮቱም ድርብ መስታወት ከሆነ ቤቱ ብዙ እሳት አይፈልግም። 120 ካሬ ሜትር የሆነ እንዲህ ያለ ቤት በከባድ ብርድ ቀን 3 ኪሎዋት ሊበቃው ይችላል። ‹ፓሲቭ ሃውስ› በሚባለው ጥብቅ ደረጃ የተሠራማ ለካሬ ሜትር 10 ዋት ያህል ስለሚበቃው ሙሉ ቤቱ 1.2 ኪሎዋት ይፈልጋል። አንድ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ እንኳ ከዚያ በላይ ይወስዳል። ፍልጥ የሚነድባቸው ቦይለሮች ግን ትንሽ የሚባሉት ሳይቀሩ አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 20 ኪሎዋት ናቸው።

ታዲያ ሙቀቱ ሲበዛ ሰው ምን ያደርጋል? የአየር መግቢያውን ይዘጋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። አየር ያጣ እሳት አይነድም፣ ታፍኖ ይጨሳል። ከእንጨቱ የወጣው ጋዝ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ማውጫው ይሄድና ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። እንዲህ ሲሠራ የከረመ ጭስ ማውጫ ውስጡን ብታዩት ዱቄት የመሰለ ጥላሸት አይደለም የምታገኙት። እንደ ሬንጅ የሚያብለጨልጭ፣ በጥፍር የማይለቅ ጥቁር ቅርፊት ነው። አንድ ቀን እሳቱ ሲበረታ ያ ቅርፊት ራሱ ይቀጣጠላል። ቤት የሚያቃጥል እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው።

መፍትሔው ታንከር ነው። እንጨት ንጹህ ሆኖ የሚነደው በሙሉ ኃይሉ ሲነድ ብቻ ነው። ስለዚህ እሳቱን ለጥቂት ሰዓት እንደ ልቡ አንድዱት፣ ሙቀቱን በወፍራሙ በተሸፈነ የውሃ ታንከር ውስጥ አጠራቅሙት፣ ቤቱ ደግሞ በፈለገው ጊዜና መጠን ከዚያ ይቅዳ።

በቁጥር እንየው። ኪሎዋት ሙቀቱ የሚወጣበት ፍጥነት ነው፣ ኪሎዋት ሰዓት ደግሞ የተጠራቀመው መጠን። 1 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። 1,000 ሊትር ከ35 ዲግሪ ወደ 80 ሲደርስ 52 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ። 1 ኪሎ ደረቅ እንጨት 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ አለው። ጥሩ ቦይለር ከዚህ ከ85 በመቶ በላይ ለውሃው ስለሚያስተላልፍ 15 ኪሎ ፍልጥ ታንከሩን ይሞላዋል ማለት ነው። 20 ኪሎዋት ቦይለር ይህን ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ይጨርሳል። ያ 3 ኪሎዋት የሚፈልግ ቤት ደግሞ በዚህ 17 ሰዓት ያህል ይሞቃል፤ ብርዱ ረገብ ባለ ቀን ከአንድ ቀን በላይ። አንድ ጊዜ ማንደድ፣ ከዚያ ነገ።

ስለዚህ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ስንት ኪሎዋት ነው?» ብላችሁ አይሁን። «አንድ ሙሌት እንጨት ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል? ታንከሬ ያን ሁሉ ይይዛል?» በሉ። ታንከሩ ከአንድ ሙሌት የሚያንስ ከሆነ ውሃው መፍላት ይጀምራል፣ እናንተም ወደ አየር መዝጋቱ ትመለሳላችሁ። ወለል ስር ቱቦ ያለው ቤት እዚህ ላይ ይጠቀማል። 35 ዲግሪ ውሃ ስለሚበቃው ታንከሩን እስከ ታች ይጠቀምበታል። ራዲያተር ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ የሞቀ ውሃ ስለሚፈልግ ያው ታንከር ቶሎ ያልቅበታል።

ሻጭ ሳይጠየቅ የማያነሳው አንድ ዕቃም አለ። ከታንከሩ የሚመለሰው ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖ በቀጥታ ቦይለሩ ውስጥ ከገባ ጭሱ ውስጥ ያለው እርጥበት ብረቱ ላይ ጤዛ ይሠራል። ጤዛው አሲድ ስላለበት ቦይለሩን ከውስጥ ይበላዋል። የሚመለሰውን ውሃ ከሙቁ ጋር ቀላቅሎ 60 ዲግሪ ገደማ የሚያደርስ ቫልቭ ያስፈልጋል። ያለ እሱ አትግዙ።

አየርም አለ። ሙቀት የማያስወጣ ቤት አየርም አያስገባም። ቦይለሩ ለእሳቱ የሚሆን አየር ከውጭ በራሱ ቱቦ መሳብ አለበት። አለበለዚያ የኩሽና አየር መሳቢያ ሲበራ ጭሱን ወደ ቤት ሊስበው ይችላል። ጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም። ቦይለሩ ባለበት ክፍል የጋዙ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ይኑር።

መብራት ሲጠፋስ? ፓምፑ ይቆማል፣ እሳቱ ግን አይቆምም። ለዚህ ውሃው 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በራሱ ተከፍቶ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ የደህንነት ቫልቭ አለ። ቀዝቃዛው ውሃ ግን መብራት ባይኖርም የሚመጣ መሆን አለበት።

እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች እስኪወርድ ተፈልጦ፣ ከላይ ተከድኖ፣ ጎኑ ለነፋስ ተከፍቶ አንድ ሁለት ዓመት ይቆያል። ሁለት ፍልጥ አጋጩ። ደረቁ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፣ እርጥቡ ድፍን ያለ ነው። በመለኪያ ከሆነ ደግሞ ፍልጡን እንደገና ሰንጥቃችሁ አዲሱን ፊት ለኩ፤ ውጪው ያታልላል።

ታንከሩን ከማዘዛችሁ በፊት በሩን ለኩ። የ1,000 ሊትር ታንከር ሽፋኑ ሳይደረግ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ተጋድሞ ገብቶ ሲቆም ደግሞ ከቁመቱ በላይ የሆነ ጣሪያ ይፈልጋል። ሲሞላ ከ1 ቶን በላይ ስለሚመዝን ወለሉንም አስመርምሩ።