«የጠራው ፈጣን፣ የደፈረሰው ቀርፋፋ» የምትሉን ነገር ተዉን በናታችሁ

ፋርማሲ ቆሜ ይቺን አባባል የማልሰማበት ቀን የለም፣ ኢንሱሊን ከጠራ ቶሎ ይሰራል ከደፈረሰ ይዘገያል። ድሮ ልክ ነበር አልክድም፣ ፈጣኑ ኢንሱሊን ሬጉላር የጠራ ነው፣ ቀርፋፋው ኤንፒኤች ደግሞ ፕሮታሚን ከሚባል ፕሮቲንና ከዚንክ ጋር ክሪስታል ሰርቶ ስለሚንሳፈፍ ውሃ የገባበት ወተት ይመስላል፣ ለዛ ነው በመዳፋችሁ እያንከባለላችሁ አደባልቁት የምንለው።

አሁን ግን ዴግሉዴክ የሚባል ረጅም ጊዜ የሚሰራ ኢንሱሊን አለ። ኢንሱሊን የ51 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ በሉት) ሰንሰለት ነው አይደል፣ እዚህኛው ላይ አንዷ ጡብ ወጥታ ላይሲን የምትባለው ላይ 16 ካርቦን ያለው የቅባት ጅራት ተሰክቶበታል በቃ። ቆዳ ስር ሲገባ እርስ በርሱ ተያይዞ ረጅም ሰንሰለት ይሰራና ቀስ እያለ ይለቀቃል፣ ደም ውስጥ የገባው ደግሞ በጅራቱ አልቡሚን የሚባል የደም ፕሮቲን ላይ ይንጠለጠላል፣ ከ42 ሰዓት በላይ ይቆያል። መውጊያው ፔን ውስጥ ስታዩት ግን ጥርት ያለ ውሃ! ሌላው ኢንሱሊን ግላርጂንም መንገዱ ቢለይም እንደዛው የጠራ ነው፣ እንደዛው ረጅም ነው።

አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን የዴግሉዴክ ፔን ይዘው መጡ፣ ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ከቁርስ ከምሳ ከእራት በፊት ሲወጉት ነበር። «የጠራ ነው እኮ ልጄ፣ ፈጣኑ ነው» ይሉኛል፣ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኖ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ። የደም ስኳራቸውን ለካሁት፣ 48፣ በጣም ወርዷል። ስኳር በጥብጠን አጠጣናቸውና ቀጥታ ሆስፒታል፣ ምክንያቱም አንድ ብርጭቆ ስኳር ያልቃል፣ መድኃኒቱ ግን ገና ቆዳቸው ስር ነው። እናንተ ከውጭ የምትልኩ፣ እባካችሁ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ በትልቁ «በቀን አንዴ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉበት፣ እዚህ ያላችሁ ደግሞ ስሙን አንብቡ፣ ማንበብ ካልቻላችሁ ከመወጋታችሁ በፊት አምጡልን፣ አናስከፍልም።

«ቅባት ካለበት ኮሌስትሮል ይጨምራል»፦ አይጨምርም፣ ከቁርስ እንቁላላችሁ ጋር አታወዳድሩት።

«ኬሚካል የተለጠፈበት ፕሮቲን መርዝ ነው»፦ የጫማችሁ ቆዳ ፕሮቲኑ (ኮላጅኑ) ክሮም በሚባል ኬሚካል ባይታሰር ኖሮ በክረምት ሸትቶ ነበር። ደሞ ስኳሩ ራሱ ማንንም ሳያስፈቅድ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሄሞግሎቢናችሁ ላይ ይለጠፋል፣ ኤዋንሲ የሚባለው የስኳር ምርመራ የሚለካው እሱን ነው።

እና ለኤዋንሲ ሦስት ቀን ጾማችሁ የምትመጡ፣ ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ይኖራል፣ የበዓሉ ዶሮና ጠላ እዛው ተጽፎ ይጠብቀናል።