የዲ-ዛይሎስ ምርመራ ምንድን ነው?

የዲ-ዛይሎስ ምርመራ ዛይሎስ የተባለ ስኳር በማጠጣት ትንሹ አንጀት ንጥረ ምግቦችን መጥጦ ወደ ደም የማስተላለፍ አቅሙ መጓደል አለመጓደሉን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በቂ ምግብ እየተመገበ ክብደቱ ለሚቀንስ ወይም ተቅማጥ ለረጅም ጊዜ ላልለቀቀው ሰው ሊታዘዝ ይችላል።

የምርመራው ብልሃት ያለው በስኳሩ ምርጫ ላይ ነው። ስታርችና ቅባት በቆሽት ኢንዛይሞች (ምግብን በሚፈጩ ንጥረ ነገሮች) ካልተፈጩ የአንጀትን ግድግዳ አያልፉም። ዛይሎስ ግን አምስት የካርቦን አቶሞች ያሉት ነጠላ ስኳር በመሆኑ መፈጨት ሳያስፈልገው በትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል ይመጠጣል፤ ሰውነትም ከፊሉን ብቻ ስለሚጠቀምበት ቀሪው እንዳለ በኩላሊት ተጣርቶ በሽንት ይወጣል። ስለዚህም ቆሽቱ የደከመ ሰው ያልተፈጨ ቅባት በሰገራው እየወጣ እንኳ የዛይሎስ ውጤቱ ደህና ሊሆን ይችላል፤ በአንጻሩ እንደ ሴሊያክ (በስንዴና መሰል እህሎች ውስጥ ባለው ግሉተን የሚቀሰቀስ የአንጀት ሕመም) ባለ በሽታ የአንጀቱ ግድግዳ ከተጎዳ በሽንቱ የሚወጣው የዛይሎስ መጠን ዝቅ ይላል። ሁለቱ ሕመምተኞች ተመሳሳይ ምልክት ቢያሳዩም ሕክምናቸው ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ ይህ ልዩነት ትልቅ ዋጋ አለው።

ተመርማሪው ሌሊቱን ምግብ ሳይቀምስ ያድርና ጠዋት፣ አዋቂ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 25 ግራም ዛይሎስ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ ለሕፃናት መጠኑ በክብደታቸው ይሰላል። ከዚያ በኋላ ባሉት 5 ሰዓታት የሚሸናው ሽንት በሙሉ ይጠራቀማል፤ በመካከሉም ደም ይወሰዳል። በ5 ሰዓት ሽንት ውስጥ 4 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ውጤቱ እንደ ጤናማ ይታያል፤ ትክክለኛው ወሰን ግን እንደየላቦራቶሪው ይለያያል።

ዝቅተኛ ውጤት ሁሉ የአንጀት ሕመም ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ስኳሩን በሚገባ ቢመጥም በሽንቱ አያወጣውም፤ የደም ናሙና መወሰዱ አስፈላጊ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የተጠጣውን ማስታወክ፣ ጨጓራ ይዘቱን ዘግይቶ መልቀቁ፣ በሆድ ውስጥ ውኃ መቋጠር፣ እንዲሁም አንድ ጊዜ የተሸና ሽንት ሳይጠራቀም መቅረቱ ቁጥሩን ያዛባሉ። እንደ አስፕሪንና ኢንዶሜታሲን ያሉ መድኃኒቶችም ውጤቱን ስለሚለውጡ የሚወሰደውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ይገባል። በትንሹ አንጀት ከመጠን በላይ የተባዙ ባክቴሪያዎች ደግሞ ስኳሩን ሳይመጠጥ ራሳቸው ይጠቀሙበታል፤ በዚህ ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተሰጥቶ ምርመራው ሲደገም ውጤቱ ሊስተካከል ይችላል።

ምርመራው የመምጠጥ ችግር መኖሩን ይጠቁማል እንጂ የበሽታውን ስም አይናገርም፤ ሴሊያክ፣ ክሮንስ (ሥር የሰደደ የአንጀት ቁጣ) እና ጃርዲያ (የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ) ሁሉም ውጤቱን ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ዛሬ የሴሊያክ በሽታን በደም ውስጥ ባሉ ፀረ እንግዳ አካላትና በኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) በሚወሰድ የአንጀት ናሙና መለየት ስለተቻለ የዛይሎስ ምርመራ እንደ ቀድሞው አይዘወተርም።