ጃንሜዳ የሚረጨው ጠበል ዳግም ጥምቀት ነው?

ጥር 11 ቀን ጠዋት ጃንሜዳ። ጸሎቱ ደርሶ ውሃው ከተባረከ በኋላ ይረጫል። ሕዝቡ ይጋፋል፤ እናቶች ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዘው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ይህን ያየ ሰው «በየዓመቱ ነው እንዴ የምትጠመቁት?» ብሎ ይጠይቃል።

አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች፤ አለቀ፣ አይደገምም። በጸሎተ ሃይማኖትም የምንመሰክረው አንዲት ጥምቀትን ነው። የጃንሜዳው በረከት ነው፤ ጌታ በዮርዳኖስ መጠመቁን ማሰቢያ።

ታዲያ ኃጢአት የሌለበት ጌታ ለምን ተጠመቀ? ለእኔ የበዓሉ ልብ እዚህ ጋ ነው። ንስሐ ሊገቡ ከመጡት ጋር አብሮ ወረደ፤ በገዛ አገልጋዩ በዮሐንስ እጅ ራሱን ዝቅ አደረገ። ያኔ አብ ከሰማይ መሰከረ፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ታየ። ሥላሴ የተገለጠው እንዲህ ባለ ትሕትና መካከል ነው። እኛስ? ነጭ ለብሰን ታቦት አጅበን፣ ከጎረቤት ጋር ተኳርፈን ከሆነ የወጣነው፣ ውሃው የሚጠይቀን ይህንኑ ትሕትና ነው።

ያልተጠመቀ ሰው ደግሞ ጃንሜዳ ስለተረጨ ክርስቲያን አይሆንም። ወደ አንዱ ደብር ሄዶ፣ ተምሮ፣ መጠመቅ አለበት።