ለመስማት የተሳናቸው ሰዎች ተደራሽ የሆነ የመጀመሪያ እርዳታ ምንድን ነው?

የመጀመሪያ እርዳታ ማለት አምቡላንስ እስኪመጣ ወይም ሐኪም ጋር እስኪደረስ አጠገብ ያለ ሰው የሚሰጠው አስቸኳይ እርዳታ ነው። የሚደማ ቁስልን ጫን አድርጎ መያዝ፣ የተቃጠለ ቆዳን ማቀዝቀዝ፣ ምግብ ያነቀውን ሰው ጀርባ መምታት፣ ልቡ የቆመን ሰው ደረት መጫን። አብዛኛው ሥራ የዓይንና የእጅ ነው። እውቀቱ የሚተላለፈው ግን ከሞላ ጎደል በድምጽ ነው። በሬዲዮ፣ በሥልጠና አዳራሽ፣ በስልክ፣ ቡና ላይ በሚወራ ወሬ። ተደራሽ ማድረግ ስንል ይህንኑ እውቀት በዓይን በሚገባ መልክ ማቅረብ ማለታችን ነው። ዓላማውም መስማት የተሳነው ሰው እርዳታ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን ሌላውን የሚያድንም እንዲሆን ነው። ይህ ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ብዙዎቻችን ስለ አደጋ የምናውቀውን ያወቅነው ክፍል ገብተን ተምረን አይደለም። እናታችን ከጎረቤት ጋር ስታወራ፣ ሐኪም ሬዲዮ ላይ ሲጠየቅ፣ ታክሲ ውስጥ ሰዎች ሲከራከሩ ጆሯችን ለቀም ያደርጋል። መስማት የተሳናቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ከነዚያ ወላጆች ደግሞ ብዙዎቹ የምልክት ቋንቋ አይችሉም። ስለዚህ ልጁ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ወሬው ያልፈዋል።

ከዚህ የባሰም አለ። ስህተቱ ይታያል፣ እርማቱ ግን የሚመጣው በድምጽ ነው። አንድ ሰው እጁን ሲያቃጥል ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ወይም ቅቤ ይዞ ይሮጣል። ልጁ ይህን በደንብ ያያል፣ ይማረዋልም። ትክክለኛው ግን የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ሥር ማቆየት፣ ምንም ነገር አለመቀባት ነው። ይህን የሚናገረው ሐኪም ሬዲዮ ውስጥ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅም እንዲሁ ነው። ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር የሚይዝ ሰው ለዓይን ጎልቶ ይታያል። «አትያዙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ጠንካራ ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት» የሚለው ምክር ግን በጆሮ የሚደርስ ነው። ስለዚህ ተደራሽ ሥልጠና አዲስ ነገር ከማስተማሩ በፊት በዓይን የገባውን ስህተት ማረም አለበት። እንደ እኔ እምነት ትልቁ ሥራ ይህ ነው።

«በጽሑፍ ብናቀርብላቸውስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ለተማረው ይረዳል። ነገር ግን የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው፤ አማርኛን ቃል በቃል በእጅ ምልክት መድገም አይደለም። በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው የጽሑፍ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በተለይ በገጠር ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል ያላገኙ፣ ከቤተሰባቸው ጋር በራሳቸው የቤት ምልክት ብቻ የሚግባቡም አሉ። ለእነሱ ብሮሹር ማደል ወረቀት ማደል ብቻ ነው። ሥዕል፣ ቪዲዮ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአካል ማሳየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሥልጠናው ክፍል እንግባ። አስተርጓሚ ማቆም ጥሩ ጅምር ነው፣ ግን አይበቃም። አሰልጣኙ ለልምምድ የሚያገለግለውን ሰው የሚመስል አሻንጉሊት ደረት እየተጫነ በአፉ ያብራራል እንበል። የሚሰማ ሰልጣኝ እጁን እያየ ድምጹን ይሰማል። መስማት የተሳነው ሰልጣኝ ወይ አሻንጉሊቱን ያያል፣ ወይ አስተርጓሚውን። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አሳይ፣ አቁም፣ አብራራ፣ ከዚያ ሰልጣኙ ይሞክር። አስተርጓሚውም ከመድረኩ ጥግ ሳይሆን አሻንጉሊቱ አጠገብ ይቁም፤ አሰልጣኙ ከተንበረከከ እሱም ይንበርከክ። ወንበሮች በግማሽ ክብ ይደርደሩ። ከአሰልጣኙ ጀርባ መስኮት ካለ ብርሃኑ ፊትና እጅን ያጠቁራል፤ ቦታ መቀየር ነው። ጊዜውም ይራዘም። ለሚሰሙ ሰዎች በተለካ ሰዓት ውስጥ ይህን ሁሉ መጨረስ አይቻልም።

ይዘቱም ይነካል። የአዋቂ ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይጫናል። ከ30 ጭነት በኋላ 2 ትንፋሽ ይሰጣል። ፍጥነቱን ብዙ ጊዜ የሚያስተምሩት ጮክ ብሎ በመቁጠር ወይም በዘፈን ምት ነው። እዚህ ግን ሌላው ሰው የሰልጣኙን ትከሻ በዚያው ፍጥነት መታ መታ ያደርጋል፣ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ይጠቀማሉ። ሰውነት ምቱን አንዴ ከያዘው ይይዘዋል። ትንፋሽ መኖሩን ማጣሪያውም «እይ፣ ስማ፣ ዳስስ» ይባላል። «ስማ» የሚለው ቢቀር ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ማየትና ጉንጭን አፍንጫው አጠገብ አድርጎ ትንፋሹን መዳሰስ አለ። ከ10 ሰከንድ በላይ መውሰድ የለበትም። «ጮኸህ ሰው ጥራ» የሚለውም በሌላ መንገድ ሊገለጽ ይችላል። የቆርቆሮ በር መደብደብ መንደር ይሰበስባል።

ከሁሉ የሚሻለው አሰልጣኙ ራሱ መስማት የተሳነው ሲሆን ነው። የትኛው ምልክት ለየትኛው ጉዳት እንደሚሆን የሚያውቁትና መስማማት ያለባቸው የቋንቋው ባለቤቶች ናቸው። የሚሰማ ሰው ቢሮ ተቀምጦ የፈጠረው ምልክት ሜዳ ላይ አይሰራም። የምልክት ቋንቋ ለዚህ ጉዳይ አቅም አለው። ቁስሉ የቱ ጋ እንዳለ፣ ደሙ እንዴት እንደሚፈስ በራስ ሰውነት ላይ ማሳየት ይቻላል።

ስልኩ ግን አሁንም ያሳስበኛል። በ1927 ዓ.ም. የተመሰረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ደግሞ 939። ቁጥሮቹን ማወቅ መልካም ነው፤ ግን የስልክ ጥሪ የሚናገርና የሚሰማ ሰው ይፈልጋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ መስማት የተሳነው ሰው በቪዲዮ ጥሪ በአስተርጓሚ በኩል የአስቸኳይ ጥሪ ቁጥሩን 999ን ማግኘት ይችላል። በአሜሪካ በብዙ አካባቢዎች ለ911 የጽሑፍ መልእክት መላክ ይቻላል፤ በሁሉም ቦታ ግን አይደለም። እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ያሉበት ካውንቲ እንደሚቀበል አስቀድመው ያጣሩ። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 የአስቸኳይ ጊዜ አገልግሎቶችንም በስም ይጠራል። ይህ በተግባር እስኪውል «መስማት የተሳነኝ ነኝ፣ አምቡላንስ ጥሩልኝ፣ አድራሻዬ ይህ ነው» የሚል ጽሑፍ ስልክ ላይ አዘጋጅቶ ለመንገደኛ ማሳየት ይቻላል። የሠፈር ሰውም ቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

የሚሰማ ሰው መስማት የተሳነውን ሲረዳ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ተጣርተህ ስላልመለሰ ራሱን ስቷል ማለት አይደለም፤ ትከሻውን ነካ አድርገህ ፊትህን አሳየው። የፊት ጭንብል ካደረግክ ከንፈርህን ማንበብ አይችልም። ካልተገደድክ በቀር ሁለት እጁን አንድ ላይ አትሰር፤ ግሉኮስ የሚሰካለት ከሆነም በማይጽፍበት እጁ ይሁን። እጁ አንደበቱ ነው።

ሥልጠና የምታዘጋጁ ሰዎች ፈተናውንም አስቡበት። በአማርኛ ጽሑፍ «ትክክለኛውን መልስ ክበብ» የሚል ወረቀት የሚለካው አማርኛ ማንበብን ነው። አሻንጉሊቱን አስቀምጡለት፣ ፋሻውን ስጡት። ያደረገውን አይታችሁ ሰርተፊኬቱን ፈርሙ።