ሁለገብ የዱቄት ድብልቅ በባሕር ዳር ቤቶች

ሁለገብ የዱቄት ድብልቅ ማለት የስንዴ ዱቄት፣ ቤኪንግ ፓውደር፣ ጨውና ጥቂት ስኳር አስቀድሞ ተቀላቅሎ የሚቀመጥበት ደረቅ ዝግጅት ነው። ፈሳሽ ሲጨመርበት ፓንኬክ፣ ኬክ፣ ብስኩት ወይም በምጣድ የሚጋገር ለስላሳ ቂጣ ይሆናል። የዓመት ሽሮውንና በርበሬውን አሰናድቶ ለሚያስቀምጥ የባሕር ዳር ቤት ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ደክሞ ሰንብቶ መብላት የባልትናችን መሠረት ነው። ድፎ ዳቦን ግን አይተካም። ድፎ በእርሾ ተቦክቶ፣ በኮባ ተጠቅልሎ፣ ከላይም ከታችም እሳት የሚገባው ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ቤኪንግ ፓውደርን እንግሊዛዊው አልፍሬድ በርድ በ1843 እ.ኤ.አ. ሠራ፤ ቢስኩዊክ የተባለው ዝግጁ ድብልቅ በአሜሪካ ገበያ የወጣው በ1931 እ.ኤ.አ. ነው።

ለ1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት የውጭ አገር መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል ቤኪንግ ፓውደር ያዛሉ። ይህ ልክ ለጣና ዳር ይበዛል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ በሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝም ይበልጥ ይሰፋል። ኬኩ በፍጥነት ኩፍ ይልና ሳይበስል መሀሉ ይሰምጣል። ስለዚህ 3 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ከ2 የሻይ ማንኪያ ጨውና ከ3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጋር። ውኃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በመሆኑና እርጥበቱም ቶሎ ስለሚተን፣ በሚጋገርበት ጊዜ ፈሳሹን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይገባል።

ሁሉም በአንድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ በወንፊት ይነፋል፤ አንድ ቦታ የተከማቸ ቤኪንግ ፓውደር መራራ ጉርሻ ያመጣል። ከወፍጮ ቤት የመጣ ዱቄት ከሆነ ትኩሱን መቀላቀል ፈጽሞ አይገባም። እንፋሎቱ ቤኪንግ ፓውደሩን ያለጊዜው ይቀሰቅሰዋልና በሰፌድ ተሰጥቶ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል። የጎጃምን ዳጉሳ እስከ ሩብ ድረስ መቀላቀል ይቻላል፤ ጣዕሙ ይከብራል፣ ቀለሙም ያምራል። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ዳጉሳ ሊጡን የሚያያይዘው የስንዴ ጠባይ ስለሌለው ይፈረፈራል።

ቅቤና የዱቄት ወተት አብረው ይግቡ አይግቡ የሚለው ያከራክራል። ቅቤ የታሸበት ድብልቅ ለብስኩት ሳይመች አይቀርም። ይሁን እንጂ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም በሚጾምበት ቤት ደረቁን ብቻ ማስቀመጥ ያለ ጥርጥር ይሻላል፦ ለፍስክ ወተትና እንቁላል፣ ለጾም ውኃና ዘይት ይጨመርበታል።

ክዳኑ በሚገጥም ደረቅ ዕቃ ውስጥ ደረቁ ድብልቅ ወራት ይቆያል፤ ቅቤ የገባበት ግን ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ እርጥብ ማንኪያ ማስገባት ትልቁ ጠላት ነው። ጥንካሬውን ለማወቅ አንድ ማንኪያ ድብልቅ በፈላ ውኃ ላይ ይጣላል፤ ከተንፈቀፈቀ ደህና ነው። ካልተንፈቀፈቀም አይጣልም፤ እርሾ ገብቶበት ተቦክቶ ዳቦ ይሆናል።