አማራጭ ያለው የቤት ሥራ ምንድን ነው?

የአንድ ክፍል ተማሪዎች ያንኑ ትምህርት እንደየአቅማቸው በሁለት ወይም በሦስት መንገድ እንዲሠሩት ማድረግ ነው። የሚለያየው ድጋፉና የጥያቄው ጥልቀት እንጂ ዓላማው አይደለም። ለጎበዙ 20፣ ለደከመው 5 ጥያቄ መስጠት ከዚህ አይቆጠርም፤ አንዱ የሚያውቀውን ሲደጋግም ይሰለቻል፣ ሌላው ያልገባውን አምስት ጊዜ ይሳሳታል።

ሐዋሳ ላይ መቶኛ የሚያስተምር የ7ኛ ክፍል መምህር ከአሞራ ገደል የዓሳ ገበያ መነሳት ይችላል። አንደኛው ሥራ፦ ከ12 ኪሎ ቆሮሶ ዓሳ 35 በመቶው ንጹህ ሥጋ ቢሆን ስንት ኪሎ ነው? 10 በመቶው 1.2 ኪሎ መሆኑ ተሠርቶ ይሰጥና ተማሪው ከዚያ ይቀጥላል። ሁለተኛው ያለ እገዛ፦ ከ12 ኪሎ 4.2 ኪሎ ሥጋ ቢወጣ ስንት በመቶ ነው? ሦስተኛው፦ ነጋዴዋ 12ቱን ኪሎ ዓሳ በኪሎ 210 ብር ገዝታ 20 በመቶ ልታተርፍ ብትፈልግ፣ የወጣውን 4.2 ኪሎ ሥጋ በኪሎ ስንት ትሽጠው? መልሱ 720 ብር ነው። 252 ብሎ የመለሰ ተማሪ ስሌቱን ችሏል፤ የረሳው የተጣለውን ጭንቅላትና አጥንት ነው። ጎበዝ ተማሪ የሚጠቀመው እንዲህ ቆም ብሎ በሚያሳስበው ጥያቄ ነው።

በመጨረሻ ሁሉም አንድ የጋራ ጥያቄ ይሠራሉ፦ በዚያው መጠን ከ8 ኪሎ ዓሳ ስንት ሥጋ ይወጣል? 2.8 ኪሎ ያለ ሁሉ ትምህርቱን ይዟል። ሦስቱም ሥራዎች እኩል ነጥብ ይኑራቸው፤ ቀላሉ ነጥቡ ካነሰ ሁሉም ወደ ከባዱ ሮጦ ይኮርጃል።

ማን የትኛውን ይሥራ? ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው ሦስት አጫጭር ጥያቄ መስጠትና ወረቀቱን በሦስት መደብ መለየት ይበቃል። መምህሩ ይመክራል፣ ተማሪው ይመርጣል። ምድቡ በየምዕራፉ ካልታየ ግን ልጁ በቀላሉ ሥራ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ስማቸውንም ሀ፣ ለ፣ ሐ ማለት ደረጃ ያስመስለዋል፤ «የሥጋው»፣ «የመቶኛው»፣ «የዋጋው» ይሻላል። ፎቶ ኮፒ አያስፈልግም፣ ሦስቱም ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ።

አንድ ለአምስት በተደራጀ ክፍል ውስጥ ደግሞ መሪው ለሁሉም ሠርቶ እንዳያድር፣ በማግስቱ ከየቡድኑ መሪ ያልሆነ አንድ ልጅ ወጥቶ የሠራውን ሰሌዳ ላይ ያስረዳ።